አጉራሽና ጐራሽ

በቋንቋችን ሰው እንጀራ እንደሚጐርስ ሁሉ ጠመንጃም ጥይት ይጐርሳል፤ አነጋገሩም ከቀድሞዎቹ ነፍጠኞች አንደበት ወጥቶ በሁሉ ዘንድ የተለመደ ስለ ሆነ ማንም ሲሰማው ቆም ብሎ የሚያስብበት አይደለም። ነገር ግን የጦር መሣሪያን ታሪክ ከሥሩ ለሚመረምር ሰው በዚህች በአንዲት ግሥ ውስጥ የተሰወረው ምሥጢር ብዙ ነው፤ የሰው አፍ ያገኘውን ሁሉ ሲጐርስ፣ የጠመንጃና የሽጉጥ አፍ ግን በልኩ የተሠራለትን ካልሆነ በቀር አይቀበልምና፣ ያን ልክ የሚሠራለት፣ የሚሸጥለት ወይም የሚሰፍርለት እጅ የታጠፈ ዕለት መሣሪያው ከነወርቅ ጌጡ የብረት ዱላ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህም ባለሙያዎች ካሊበር የሚሉትን የአፈ ሙዝ ልክ ማጥበብና ማስፋት፣ ለሩቅ ተመልካች የአንጥረኛ ሥራ ብቻ ቢመስልም፣ በእውነቱ አጉራሽን መለወጥ ነው። ዛሬ በዒላማ ውድድር ሜዳ አንድ ስፖርተኛ የሽጉጡን አፈ ሙዝ ነቅሎ በሌላ ልክ ሲተካ እንደ ጨዋታ የሚያየው ይህ ጥበብ፣ ጨዋታ ከመሆኑ አስቀድሞ የመንግሥታት ጭንቀት ነበረ፤ ያንም ጭንቀት በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ለማየት ለሚሻ ሰው ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉት ሁለቱ የሒጃዝ ከተሞች፣ ጅዳና መካ፣ በቂ ምስክሮች ናቸው። (ዘመኑ ሌላ ተብሎ ካልተመለከተ በቀር የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ጅዳ ለእኛ ባዕድ አገር አይደለችም። በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ የእስልምና ተከታዮች ባሕሩን ተሻግረው በአክሱሙ ንጉሥ ጥላ ሥር ሲጠለሉ የተነሡት ከዚያው ከሒጃዝ ዳርቻ ነበር፤ በ647ም ኸሊፋ ዑሥማን ጅዳን የመካ ወደብ ባደረጓት ጊዜ ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው ሐጃጅና ለሚጫነው ሸቀጥ ሁሉ በሩ እርሷ ሆነች። የኦቶማን ቱርኮችም በ1555 በኦዝደሚር ፓሻ አማካይነት ምጽዋንና ሱዋኪንን የሚያጠቃልል «ሐበሽ» የሚባል ጠቅላይ ግዛት ካቋቋሙ በኋላ፣ የዚያ ግዛት ፓሻ መንበሩን በኋላ ዘመን ወደ ጅዳ አዛወረ፤ ስለዚህም በስማችን የተጠራው ግዛት ለብዙ ዘመን የሚታዘዘው ከጅዳ ሰገነት ነበር። በመካ ግን ሌላ ሥርዐት ነበረ፤ ሐረም በሚባለው በቅዱሱ ወሰን ውስጥ አውሬ አይታደንም፣ ዛፍ አይቈረጥም፣ ደምም አይፈስም። በአንድ በኩል መሣሪያ የሚራገፍበት ወደብ፣ በሌላ በኩል መሣሪያ የማይነሣበት ምድር፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ የግመል ጕዞ ሁለት ሌሊት ነበረ።

ታሪካችን የሚጀምረው የኦቶማን መንግሥት በ1872 አሜሪካ ውስጥ ሮድ አይላንድ ከሚገኝ ፋብሪካ ፒቦዲ ማርቲኒ የተባለውን ጠመንጃ በብዙ መቶ ሺሕ ባዘዘ ጊዜ ነው። የዚህ ጠመንጃ ልክ 11.43 ሚሊሜትር ሲሆን የሚጐርሰውም አንድ በአንድ ነበር፤ በ1877 ዑሥማን ፓሻ በፕሌቭና ምሽግ ሆኖ የሩስያን ጦር ለወራት ያስቸገረው በእርሱ ነው። በዚያው ሰሞን የግብፁ ኸዲቭ እስማኤል ወታደሮች ሬሚንግተን ይዘው ወደ አገራችን ዘለቁ፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም በ1875 በጕንደት፣ በ1876 በጕራዕ ድል በነሧቸው ጊዜ መሣሪያው ከነጥይቱ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። አባቶቻችን ያን ጊዜ ጠመንጃን በስም እየለዩ ስናድር፣ ናስ ማስር፣ ውጅግራ፣ ቆይቶም ምንሽርና ለበን ማለታቸው ለጌጥ አልነበረም፤ ስሙን ያላወቀ ሰው ጥይቱን አያውቅም፣ ጥይቱን ያላወቀም የውጅግራን ቀለህ ለናስ ማስር ገዝቶ ከገበያ ሲመለስ ገንዘቡም ነፍሱም ይጠፋ ነበርና ነው።

የኦቶማን መንግሥት ደግሞ ይህንኑ ስሕተት በገበያተኛ ሳይሆን በግምጃ ቤት ደረጃ ሠራው። በ1887 ከጀርመኑ ከጳውል ማውዘር ጋር በተዋዋለ ጊዜ አምስት መቶ ሺሕ ጠመንጃ ከሃምሳ ሺሕ አጭር ጠመንጃ ጋር በ9.5 ሚሊሜትር ልክ እንዲሠራለት አዘዘ፤ በውሉም ውስጥ ብልኅ የሆነ አንድ አንቀጽ አስገባ፤ ይኸውም ማውዘር ከዚህ የተሻለ ነገር ከፈጠረ ቀሪው በተሻለው ዐይነት ይሰጠኝ የሚል ነበረ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ጢስ አልባው ባሩድ መጣና የቀድሞውን ጥይት ሁሉ አስረጀው፤ ከሁለት መቶ ሺሕ በላይ የሚሆነው ጠመንጃ በ9.5 ልክ ከተረከበ በኋላ የቀረው ከ1890 ጀምሮ በ7.65 ሚሊሜትር ተሠራ። ብልኅነቱ ግን ሌላ ጣጣ ወለደ፤ በአንድ ንጉሥ ሠራዊት ውስጥ የ11.43፣ የ9.5ና የ7.65 ጐራሾች በአንድነት ሰፈሩና የጥይት ሣጥን ቈጣሪው ሥራ የቋንቋ አስተርጓሚ ሥራ መሰለ። ከኢስታንቡል በመርከብ ተጭኖ ጅዳ የደረሰ ሣጥን ወደ የመን ተራራ ወጥቶ ሲከፈት ጥይቱ ከጠመንጃው ልክ ጋር ባይገናኝ፣ ስሕተቱን የሚያርመው የሚቀጥለው መርከብ ብቻ ነበር።

የሽጉጡ ነገር የመጣው በዚህ መካከል ነው። በ1893 ሁጎ ቦርሻርት የተባለ መሐንዲስ በገዛ ኀይሉ የሚጐርስ ሽጉጥ አወጣና ለእርሱ የሚሆን 7.65 ሚሊሜትር ጥይት አብሮ አበጀ፤ ቀለሁ እንደ ጠርሙስ ከታች ሰፍቶ ከዐንገቱ የሚጠብ ነበር። ከእርሱ ሁለት ልጆች ተወለዱ። አንደኛው በ1895 ፌደርለ የተባሉ ወንድማማቾች በኦበርንዶርፍ በሚገኘው በማውዘር ፋብሪካ የሠሩት፣ የእጅ መያዣው የመጥረጊያ እንጨት የመሰለ፣ ካዝናው ከምላጩ ፊት የተቀመጠ፣ የእንጨት ቤቱም ሲገጠምለት ሰደፍ የሚሆንለት ባለ 10 ጥይት ሽጉጥ ነው፤ ልኩም 7.63 ሆነ። ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል በ1898 በኦምዱርማን ሜዳ የታጠቀው ይህንኑ ነበር፤ ሱልጣን ዐብዱልሐሚድም በዚያው ዘመን ለቤተ መንግሥታቸው ጠባቂዎች አንድ ሺሕ ያህል አዝዘው ሲያስመጡ፣ የማነጣጠሪያው ርቀት መለኪያ በፈረንጅ ቍጥር ሳይሆን በሙስሊሙ ዓለም ቍጥር እንዲቀረጽ ተደረገ። ቍጥሩ የሱልጣኑ ሆነ እንጂ ጥይቱ የጀርመን እንደ ሆነ ቀረ።

ሁለተኛው ልጅ የጌኦርግ ሉገር ሽጉጥ ነው፤ የስዊስ ጦር በ1900 በ7.65 ልክ ተቀበለው። ሉገር ግን የጀርመን መኰንኖች «አረሩ ትንሽ ነው» ብለው በነቀፉበት ጊዜ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ድረስ የልክ ለዋጮች ሁሉ ትምህርት ሆኖ ይኖራል፤ ስለዚህ ጥቂት ቀረብ ብለን እንየው። የጠርሙስ ቅርጽ ያለውን ቀለህ በእጅ ይዞ ከታች ወደ ላይ የተመለከተ ሰው መቀመጫው 10 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ ዐንገቱ ብቻ እንደሚጠብ ያያል። ሉገር መቀመጫውን አልነካም፤ ዐንገቱን ከፈተና በጠባቡ አረር ፈንታ የ9 ሚሊሜትር አረር ሰካበት። መቀመጫው ስላልተለወጠ ቀለሁን ጨብጦ የሚያወጣው ጥፍር፣ ከኋላ የሚደግፈው ብረት፣ ጥይቱን ደርድሮ የሚይዘው ካዝና ሁሉ እንደ ነበሩ ቀሩ፤ የተለወጠው በብሎን ጥርስ ወደ ሽጉጡ አካል የሚገባው አፈ ሙዝ ብቻ ነው። በ1902 የተወለደው ይህ 9 ሚሊሜትር ፓራቤለም ዛሬ በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የተሰራጨ የሽጉጥ ጥይት ነው። በማውዘሩ ላይ ግን እንዲህ ያለው ቀላል ነገር አይሆንም ነበር፤ የእርሱ አፈ ሙዝና የኋላ አካሉ ከአንድ ብረት የተፈለፈሉ ናቸውና ልክ የሚለውጥ ሰው ወይ የቀድሞውን በመሰርሰሪያ አስፍቶ አዲስ ጠመዝማዛ ቦይ ያወጣበታል፣ ወይ ሙሉውን ክፍል አዲስ ይሠራዋል። ከዚህ የምንማረው፣ ልክ ለመለወጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ማየት የሚገባው የጥይቱን አፍ ሳይሆን የጥይቱን መቀመጫ መሆኑን ነው።

ወደ ሒጃዝ እንመለስ። በመስከረም 1908 ከደማስቆ የተነሣው የሒጃዝ ባቡር መዲና ደረሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሸሪፍ ሑሴን ኢብን ዐሊ የመካ አሚር ሆነው ከኢስታንቡል ጅዳ ገቡ። ባቡሩ ከመዲና ወደ መካ ስላልቀጠለ ለታችኛው ሒጃዝ ጦር ስንቁና ጥይቱ የሚመጣው አሁንም በባሕር፣ በጅዳ በኩል ነበር። በ1911ና በ1912 ከጣልያን ጋር በሊብያ፣ ቀጥሎም ከባልካን መንግሥታት ጋር ጦርነት የገጠመው የኦቶማን መንግሥት፣ ግምጃ ቤቱን ሲፈትሽ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ አሮጌ ጠመንጃዎች ጥይት የማያገኙ ሆነው አያቸው፤ ስለዚህም ከእነዚያ ከፒቦዲ ማርቲኒዎች ብዙዎቹን፣ ከዘጠኝ ነጥብ አምስቶቹም እንዲሁ፣ የቀድሞ አፈ ሙዛቸውን አስነቅሎ በ7.65 ልክ ሌላ አስገጠመላቸው። የሠላሳ ዓመት ሽማግሌ የጐልማሳ ጥርስ ተተከለለትና ለተጠባባቂው ጦር ተሰጠ።

ይህን ያደረጉት ቱርኮች ብቻ አልነበሩም። ፈረንሳይ በ1914 ብዙ ውጅግራዎቿን አፈ ሙዛቸውን ለውጣ የለበንን 8 ሚሊሜትር እንዲጐርሱ አደረገች፤ ጣልያንም 10.4 ሚሊሜትር የነበሩትን ቬተርሊዎቿን የበለጠ በረቀቀ መንገድ ለወጠቻቸው፤ አሮጌውን አፈ ሙዝ ከውስጥ አስፍታ 6.5 ልክ ያለው ቀጭን ቱቦ ሰካችና በሙቀት አያያዘችው፤ መያዣው የአባት፣ ጕሮሮው የልጅ የሆነ ጠመንጃ ተገኘ። እነዚህም ካረጁ በኋላ በቅኝ ግዛት ወታደሮች እጅ ገብተው በአፍሪካ ቀንድ ታዩ። በ1910ዎቹ እንግዲህ ከኢስታንቡል እስከ ሮም ያለው አንጥረኛ ሁሉ ልክ በመለወጥ ተጠምዶ ነበር።

1916 የመጣው በዚህ ዝግጅት ላይ ነው። በጀርመን ሠራዊቱ የሉገር ሽጉጥ ስላነሰው አንድ መቶ ሃምሳ ሺሕ የማውዘር ሽጉጥ በ9 ሚሊሜትር እንዲሠራለት አዘዘ፤ ነገር ግን መልኩ ከሰባት ነጥብ ስድሳ ሦስቱ ስለማይለይ ወታደሩ ተሳስቶ ሌላ ጥይት እንዳያጐርሰው በእንጨት መያዣው ላይ ትልቅ የ9 ቍጥር ተቀርጾ በቀይ ቀለም ተሞላ። ልክ መለወጥ ካመጣቸው ምልክቶች ሁሉ ይህች ቀይ ዘጠኝ ከሁሉ ይበልጥ ቃል የምትናገር ትመስለኛለች፤ ወታደሩ በጭቃና በጨለማ ውስጥ ሆኖ ለሽጉጡ ምን እንደሚያጐርስ እንዳይሳሳት፣ ሽጉጡ ራሱ ረኀቡን በስም ይናገራልና።

በዚያው ዓመት ሰኔ 10 ቀን፣ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 3 ቀን 1908 ዓ.ም.፣ በእስልምናው ሸዕባን 9 ቀን 1334፣ ሸሪፍ ሑሴን በመካ ካለው ቤተ መንግሥታቸው መስኮት አንድ ጥይት ተኰሱ፤ የዐረብ ዐመፅ የተባለው ጦርነት በእርሷ ተጀመረ። የኦቶማኑ ገዢ ጋሊብ ፓሻ የበጋውን ሙቀት ሸሽቶ ከብዙው ጦር ጋር ጣዒፍ ወጥቶ ነበር፤ በመካ የቀሩት አንድ ሺሕ ያህል ወታደሮች በየሰፈራቸውና ሐረሙን ቍልቍል በሚያየው በአጅያድ ምሽግ ተከተቱ። የነገዶቹ ሰዎች ከተማይቱን ቢከብቡም መድፍ ስላልነበራቸው ምሽጉን መድፈር አልተቻላቸውም፤ ከአጅያድ የሚወርደው መድፍ ግን በመስጊዱ አደባባይ አጠገብ ፈነዳ፣ የካዕባም ልብስ እሳት እንደ ነካው ሸሪፉ በዐዋጃቸው ለዓለም አሰሙ። ደም በማይፈስባት ምድር ደም ፈሰሰ።

የጅዳ ነገር ቶሎ አለቀ። የሐርብ ነገድ ሰዎች በየብስ ከበቧት፣ የእንግሊዝ መርከቦች ፎክስና ሃርዲንጅ ከባሕር ደበደቧት፣ ከመርከብ የሚነሡ አውሮፕላኖችም ቦምብ ጣሉባት፤ በሰኔ 16 ቀን ቱርኮቹ እጃቸውን ሰጡ። በሩ የተከፈተው በዚህ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ከፖርት ሱዳን የተጫነ እህል፣ ወርቅና ጠመንጃ በጅዳ ወደብ ይራገፍ ጀመር። በመካ ምሽግ ላይ የሚተኵስ መድፍ ያስፈልግ ነበርና፣ ክርስቲያን ወደ ቅድስቲቱ ከተማ ስለማይገባ፣ የሱዳን እንግሊዛዊ ገዢ ሰር ሬጂናልድ ዊንጌት ከግብፅ ጦር ሙስሊም መድፈኞችን መርጦ ላከ፤ እነርሱም መድፋቸውን ከጅዳ ወደ መካ ወስደው አጅያድን መቱት፤ ረመዳን በገባ በጥቂት ቀን፣ ሐምሌ 4 ቀን፣ ምሽጉ ወደቀ፤ የመጨረሻው ሰፈርም ሐምሌ 9 ቀን እጁን ሰጠ። ጣዒፍ እስከ መስከረም ተከላከለ።

እንግዲህ የጥይቱን ነገር እዚህ ላይ እናስበው። ከቱርኮች የተማረከው ጠመንጃ 7.65 ይጐርሳል፤ እንግሊዞች ከራሳቸው የሚሰጡት ሊ ኤንፊልድ 7.7 ይጐርሳል፤ እነርሱ ራሳቸው ጦርነቱ ሲጀመር ከጃፓን ገዝተው አሁን ወደ ሒጃዝ ያስተላለፉት አሪሳካ 6.5 ይጐርሳል፤ በየነገዱ ቤት ከቀይ ባሕር ንግድ የቀረው አሮጌ ነፍጥ ደግሞ የ11 ሚሊሜትር ወገን ነው። ኢስታንቡል ለሠላሳ ዓመት አንድ ልክ ለማድረግ የደከመችለት ምድር በአንድ በጋ ወደ አራት ልክ ተመለሰ። የተማረከው ማውዘር ግሩም መሣሪያ ነበር፤ ነገር ግን ጥይቱን የሚሰፍረው ጠላት ስለ ሆነ ምርኮው እንዳለቀ ይራባል፤ የጃፓኑ ደካማ ቢባልም መርከቡ በየጊዜው ይመጣል። ባላገር «ባጐረስኩ እጄን ተነከስኩ» እንደሚለው፣ ኦቶማን አፈ ሙዙን ለውጦ ያጐረሰው ነፍጥ ተማርኮ በራሱ ላይ ዞረ፤ ሸሪፉም በተራቸው ከእንግሊዝ እጅ እየጐረሱ እንግሊዝ የማትፈልገውን ለመናገር የማይችሉበት ቀን መጣ።

እኛም ከዚህ ነገር ሩቅ አልነበርንም። በሐረር የተቀመጠው የኦቶማን ቈንስል መዝሐር ቤይ ከልጅ ኢያሱ ጋር የሚያደርገው ግንኙነት እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ጣልያንን ባስጨነቀበት በዚያው ወቅት ጅዳ ከኦቶማን እጅ ወጣች፤ ከሦስት ወር በኋላም፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ከዙፋኑ ወረደ። የቀይ ባሕር ሁለቱ ዳርቻዎች በአንድ ክረምት አጉራሻቸውን ለወጡ።

በጥቅምት 16 ቀን 1916 ቶማስ ኤድዋርድ ሎሬንስ የተባለ የሃያ ስምንት ዓመት እንግሊዛዊ መኰንን ከእንግሊዛዊው ሹም ከሮናልድ ስቶርስ ጋር ጅዳ ወረደ። የእርሱ ታሪክ በሌሎች በሰፊው ተጽፏልና እኛ የምናነሣው አንድ ጠመንጃውን ብቻ ነው። ይህ ጠመንጃ እንግሊዝ የሠራችው ሊ ኤንፊልድ ሲሆን በጋሊፖሊ ቱርኮች ማረኩት፤ የኦቶማኑ የጦር ሚኒስትር ኤንቨር ፓሻ በወርቅ ጽሕፈት አስጊጦ ለሸሪፉ ልጅ ለአሚር ፈይሰል ሰጠው፤ ፈይሰልም በዓመቱ መጨረሻ ለሎሬንስ አበረከተው፤ ሎሬንስ ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ሰጠው፤ ዛሬ በለንደን በጦርነት ሙዚየም ይገኛል። ከእንግሊዝ እጅ ወጥቶ በቱርክና በዐረብ እጅ ዞሮ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ልኩ ያው 7.7 እንደ ሆነ ነው፤ ኤንቨር ወርቅ እንጂ ጥይት ሊጨምርለት አልቻለም፤ ሎሬንስ እጅ በገባ ጊዜ ግን አጉራሹ በጅዳ ወደብ ተራግፎ ይጠብቀው ነበርና ዳግመኛ መሣሪያ ሆነ። ሑሴን ግን በ1924 መንግሥታቸውን ለቀቁ፤ ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሱዑድ በዚያው ዓመት መካን፣ ዓመት ሙሉ ከከበቧት በኋላም በታኅሣሥ 1925 ጅዳን ያዙ፤ በ1932ም ግዛቱ የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ተባለ።

ከዚህ በኋላ ልክ የመለወጥ ጥበብ ከጦር ሜዳ ወደ ሕግና ወደ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ውድድር ተዛወረ። የቬርሳይ ውል ጀርመኖች 9 ሚሊሜትርና ረዥም አፈ ሙዝ ያለው ሽጉጥ ለገበያ እንዳይሠሩ ስለ ከለከለ፣ ሉገር ወደ ቀድሞው ወደ 7.65 ተመለሰ፤ አፈ ሙዙን ብቻ ለውጦ ወደ ዘጠኝ እንደ ወጣ አፈ ሙዙን ብቻ ለውጦ ወረደ። በቻይና የሻንሺ ገዢ የን ሺሻን በ1920ዎቹ መጨረሻ የማውዘርን ሽጉጥ አግዝፎ በ.45 ልክ፣ ይኸውም በ11.43 ሚሊሜትር፣ አሠራው፤ ወታደሮቹ የያዙት ቶምሰን የተባለው መትረየስ የሚጐርሰው ይህንኑ ነበርና ሁለቱን ከአንድ ሣጥን ለማጉረስ ፈለገ።

በዒላማ መምታት የሚወዳደሩ ሰዎች ያሰቡት ግን የሣጥኑን ነገር ሳይሆን የኪሳቸውን ነገር ነው። በአሜሪካ የዒላማ ተኳሽ በ.45 ኮልት ሽጉጥ መለማመድ ሲፈልግ ጥይቱ ውድ፣ ድምፁ ብርቱ፣ ንጥቂያውም እጅ የሚያደክም ነበር፤ .22 ማለት 5.6 ሚሊሜትር የሆነችው ትንሿ ጥይት ደግሞ ርካሽ ናት፤ ነገር ግን የኮልትን ከባድ ላይኛ ብረት ወደ ኋላ ለመግፋት ኀይል የላትም። ኮልት በ1931 ክብደቱን ቀንሶ «ኤስ» የሚባል ሽጉጥ አወጣ። በሰሜን ካሮላይና እስር ቤት ሳለ የጠመንጃ ሐሳብ ያፈለቀው ዴቪድ ማርሻል ዊልያምስ ግን ከዚህ የበለጠ ምሥጢር አገኘ፤ ጥይቷ የምታርፍበትን ጓዳ ከአፈ ሙዙ ለይቶ ተንቀሳቃሽ ቢያደርጋት፣ የባሩዱ ጋዝ ከጥይቷ መቀመጫ በሰፋ ፊት ላይ እየገፋ የትንሿን ምት የትልቅ ምት አስመሰለው። ይህ በ1937 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1938ም ኮልት የላይኛውን ብረት፣ አፈ ሙዙንና ካዝናውን ለብቻ በሣጥን መሸጥ ጀመረ፤ ባለ .45 የሆነ ሰው ያንኑ መያዣና ያንኑ ምላጭ እንደ ያዘ በደቂቃ ወደ .22 ይለወጣል። በጀርመንም ኤርማ የተባለው ፋብሪካ ለሉገር ተመሳሳይ ዕቃ አበጅቶለት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ለኦሊምፒክ ዐይነት ውድድር የሠራው ሽጉጥ ከመነሻው በሁለት ልክ ታስቦ የተወለደ ነው፤ አንዱ መያዣ ለ.22ም ለ.32ም ያገለግላል፤ ተወዳዳሪው እጁ የለመደውን እንጨት ሳይለቅ ለሁለት ዐይነት ውድድር ይቀርባል።

በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ፣ ኮሎምቢያ በተባለች ከተማ ጄፍ ኩፐርን ፕሬዚዳንቱ አድርጎ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የተግባራዊ ሽጉጥ ውድድር ማኅበር ደግሞ ልክ መለወጥን የሒሳብ ጥያቄ አደረገው። ትጋት፣ ኀይልና ፍጥነት የሚሉትን ሦስት ቃላት በላቲን መፈክሩ አድርጎ፣ የኀይልን ነገር በመለኪያ አሰረው፤ የአረሩን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን ፊት በሚባለው የእንግሊዝ ልኬት በሰከንድ ለክተህ አባዝተህ ለሺሕ ብታካፍለው፣ ውጤቱ በዚያ ዘመን 175 ከደረሰ ጥይትህ «ከባድ» ተብሎ ከመኻል ሳትህ ዳር ብትመታም የበለጠ ነጥብ ይሰጥሃል። የ.45 ጥይት 230 ግሬን በ850 ፊት ሲሄድ 195 ይሆናልና ወሰኑን አልፎ ይተርፈዋል። በ1980ዎቹ ግን ብልኆች ተወዳዳሪዎች .38 ሱፐር የተባለውን ቀጭን ጥይት አነሡ፤ 125 ግሬን በ1400 ፊት ቢሮጥ ልክ 175 ይመጣል፤ ከጥይቱ የሚወጣው ብዙ ጋዝም በአፈ ሙዙ ጫፍ በተገጠመ ቀዳዳማ ብረት ወደ ላይ ሲተነፍስ የሽጉጡን አፍንጫ ወደ ታች ይይዘዋል፤ በካዝናውም ከሰባት ፈንታ ዘጠኝ ጥይት ይገባል። ስለዚህ የኮልቱን አፈ ሙዝ፣ የቀለህ ማውጫውን ጥፍርና ካዝናውን ለውጠው መጡ። የጥይቱን መቀመጫ አስቀድመህ እይ ያለው የሉገር ትምህርት እዚህም አልሻረም፤ የ.45 መቀመጫ ሰፊ ነውና ከኋላ የሚደግፈው ብረት ካልተስተካከለ ቀጭኑ ቀለህ ይንገዋለላል።

ሕግም እጁን አላነሣም። በጣልያን 9 ሚሊሜትር ፓራቤለም የጦር ጥይት ነው ተብሎ ለሲቪል ስለ ተከለከለ፣ የቀለሁ ርዝመት ከ19 ወደ 21 ሚሊሜትር የተዘረጋ ሌላ ጥይት በ1980ዎቹ ወጣና የአገሩ ስፖርተኞች ሽጉጣቸውን በእርሱ ልክ አሠሩ፤ ሁለት ሚሊሜትር ናስ ወታደርን ከስፖርተኛ የምትለይ ድንበር ሆነች። ክልከላው የተነሣው በ2021 መጨረሻ በወጣ ሕግ ነው።

ከሳዑዲ ዐረቢያም በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ዐጣላህ አል ዐነዚ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ተወዳድሯል፤ ልኩ 4.5 ሚሊሜትር ሲሆን የሚገፋውም ባሩድ ሳይሆን የታመቀ አየር ነው። አያቶች ለ7.65 ሣጥን መርከብ በጠበቁበት አገር የልጅ ልጅ አየር እያጐረሰ ወረቀት መታ።

የአጅያድ ምሽግ ዛሬ የለም፤ በ2002 ተንዶ ኰረብታው ከተደለደለ በኋላ በስፍራው 601 ሜትር የሚረዝም የሰዓት ግንብ ቆመ፤ ከሥሩም ሐጃጆች ሁለት ነጭ ጨርቅ ለብሰው፣ ከወገባቸው ቀበቶ በቀር ብረት ሳይታጠቁ፣ ወደ ሐረሙ ይወርዳሉ። በጅዳም በአሮጌው ከተማ በባሕር ፊት ለፊት የሚታዩት ባለ እንጨት መስኮት ቤቶች ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የጥይት ሣጥን በጫንቃቸው ተሸክመው የሚያልፉትን ሰዎች አይተዋል። ከእነዚያ ሣጥኖች መካከል የትኛው የየትኛው ጠመንጃ እንደ ነበረ የሚወስነው ጠመንጃውን የያዘው ሰው አልነበረም፤ ከባሕር ማዶ ያለ ግምጃ ቤት ነበር። በውድድር ሜዳ የቆመው ሰው ግን ሣጥኑን ከፍቶ አፈ ሙዙን ሲለውጥ፣ ቀለሁን ራሱ መርጦ ባሩዱን ራሱ ሲመዝን፣ ከሱልጣኖችና ከሸሪፎች ያልተገኘ ነገር አግኝቷል፤ አጉራሹም ጐራሹም እርሱ ነው፤ ከፊቱ የሚወድቀውም ወረቀት ነው።